ሰልፉ የምንድን ነው?

አንድ ቀን፣ ያው ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያለሁ መሆኑ ነው፣ ለተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንትነት ልወዳደር ተነሳሁ። ማን ተወዳደር አለህ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ማንም አላለኝም። የፖለቲካ ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ የሚያወራ አንድ ኮርስ ወስጄ ኤ አመጣሁ። እሱ ኤ ነው ጉድ የሠራኝ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ተሳትፎ የጎደለው ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ምሳ የሚበላውንም፣ ልብስ የሚያጥበውንም፣ «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ትሳተፋለህ?» እያልኩ አደረቅሁት።

ስሜ ይበልጣል ነው። መፈክሬ ደግሞ «ማን ይበልጣል? ይበልጣል!» የሚል ነበር። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል፤ ያኔ ግን ቅኔ የዘረፍኩ ያህል ነበር የኮራሁት። ከዶርሜ፣ አንድ ክፍል አብሮኝ ከሚያድረው ከሙህዲን ኮት ተዋስኩና፣ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ፎቶ ተነስቼ በየሕንጻው ለጠፍኩት። ኮቱ ለባለቤቱም ሰፊ ነው። እኔ ላይ ሲሆንማ ውስጡ ሌላ ሰው የተደበቀ ነበር የሚመስለው። ብዙም ሳይቆይ አንዱን ፖስተሬን መጸዳጃ ቤት፣ የተሰበረው መስኮት ላይ ተለጥፎ ንፋስ ሲከላከል አገኘሁት።

«አብሽር፣ ሕዝቡ እየተጠቀመብህ ነው» አለኝ ሙህዲን።

ሙህዲን የከሚሴ ልጅ ነው። ዝም ብሎ ሲያይህ እንቅልፍ የያዘው ይመስልሃል፤ አንድ ነገር ሲናገር ግን ተኝተህ የነበርከው አንተ እንደሆንክ ይገባሃል። በዚያ ሰሞን ከአልጋው ላይ ሆኖ ንግግሬን ሲያዳምጥ የሚከፍተው አንድ ዓይኑን ብቻ ነበር።

የቅስቀሳው ዕለት አዳራሹ ግጥም አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ይህ ሕዝብ ለካ እንዲህ ይወደኛል ብዬ እንባዬ ሁሉ መጣ። በኋላ ነው የገባኝ። ዶርሞቹ መብራት ጠፍቶባቸው ሰንብተዋል፤ ጄኔሬተር ያለው አዳራሹ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ግድግዳው ላይ ሰክቶ እሱን ሲጠብቅ ነው እኔ የደረስኩበት። «ወገኖቼ፣ ድምፃችሁ ኃይል ነው!» ብዬ እጄን ሳነሳ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ወዲያው ሁሉም ቻርጀሩን እየነቀለና እየጠቀለለ ይወጣ ጀመር። አንዱ እንዲያውም በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «አይዞህ፣ ማታ ይመጣል ተብሏል» አለኝ። መብራቱን ማለቱ ነው።

ተወዳዳሪዬ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ሐመልማል የምትባል የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ። ፖስተር የላት፣ መፈክር የላት። ንግግር አድርጊ ስትባል እንኳ «ስትመርጡኝ እንነጋገራለን» ብላ ተቀመጠች። እኔ በበኩሌ አዘንኩላት። እሷን ማሸነፍማ ምን አለው፣ ለእኔ ለራሴም ይደብራል እል ነበር።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ያ ኤ የሰጡኝ መምህሬ፣ ዶክተር ጉልላት ነበሩ። ስለ ዴሞክራሲ እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም፤ ሲናገሩ በየዐረፍተ ነገሩ መካከል አንድ የግሪክ ሰው ይገባል። እሳቸው ናቸው «ከተማሪው ግማሽ በላይ ወጥቶ ካልመረጠ ምርጫው ውድቅ ነው፤ ኅብረቱን የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ይሰይማል» ብለው ያወጁት። ባለፈው ዓመትም ሰው ሳይወጣ ቀርቶ ቢሮው የራሱን ልጆች ሰይሞ ነበር። ላይብረሪው እሑድ እሑድ ይዘጋ ሲባል ከማንም ቀድመው ያጨበጨቡት እነዚያ ናቸው። እንግዲህ ሰው ካልወጣ የእኔም ፕሬዚዳንትነት ጉም ነው፣ ዘንድሮም እሑድ ላይብረሪው ዝግ ነው ማለት ነው።

የምርጫው ዕለት ጠዋት አዳራሹ ጋ ስሄድ፣ ሳጥኑ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ጉብ ብሏል። ጥበቃው ጋሽ ደባልቄ በሩ ላይ ወንበራቸውን ወደ ፀሐይ እያዞሩ ይሞቃሉ። ውስጥ ዶክተር ጉልላት ጋዜጣ ያነባሉ። አንድ ተማሪ ገባ፤ ልቤ ዘለለ፤ ልጁ «ፎቶ ኮፒ እዚህ ነው?» ብሎ ጠይቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣችው ድመት ናት።

ረፋዱ ላይ ዶርም ለዶርም ዞርኩ። አንዱ ጋ ስገባ ካርታ ይጫወታሉ። «ተነሱ እንጂ፣ ምርጫ ነው!» ስላቸው፣ አንደኛው ቀና ሳይል «ማን ያሸንፋል?» አለኝ። «እኔ ነኛ» አልኩት በኩራት። «በቃ እንግዲህ፣ ካሸነፍክ እኛን ለምን ታደክመናለህ?» ብሎ ካርታውን ጣለ። ምን ልበለው?  ይህ ጥያቄ ኮርሱ ውስጥ አልነበረም።

ለምሳ ዶርም ስመለስ ሙህዲን ጫማውን እያሰረ ነው። አልጋው ላይ ዘፍ አልኩ።

«አለቀልኝ ሙህዲን! ግማሽ ቀርቶ ሩብ አይመጣም። ቢሮው ነው የሚሰይመው።»

«ላይብረሪውም አይከፈትም ማለት ነው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ዓይኖቹ ተከፈቱ። ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ስማ፣ የግቢ ልጅ ሳጥን አይቶ አይመጣም። ሰልፍ አይቶ ግን ቀርቶ አያውቅም» አለኝ።

«ምን ብለን እናሰልፈው?»

«ምንም አንልም። እንቆማለን።»

ግቢ ያልኖረ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። እኛ ጋ ለቁርስ ሰልፍ ነው፣ ለውሃ ሰልፍ ነው፣ ለሬጅስትራር ሰልፍ ነው። ስለዚህ ሰልፍ ያየ ልጅ መጀመሪያ ይቆማል፤ የምን እንደሆነ የሚጠይቀው ቦታ ከያዘ በኋላ ነው። ጠይቆ የቆመ ብዙ ነገር ሲያልቅበት አይቷላ!

ቦርዱ በሩን ቆልፎ ምሳ ሄዷል። እኔና ሙህዲን የምግብ ካርዳችንን በእጃችን ይዘን፣ እኔ ፊት እሱ ኋላ፣ የተዘጋው በር ላይ ተገተርን። በሩ ላይ «የምርጫ ጣቢያ» የሚል ወረቀት አለ፤ ግን የተሰለፈ ሰው የፊተኛውን ማጅራት እንጂ ሌላ ምን ያነባል? ብዙም አልቆየን፣ አንድ ፍሬሽ፣ አዲስ ገቢ ተማሪ፣ መጥቶ ከሙህዲን ኋላ ቆመና «ወንድም፣ ሰልፉ የምንድን ነው?» አለ።

«እኔም ከፊቴ ያለውን አይቼ ነው የቆምኩት» አለ ሙህዲን። እውነቱን ነው።

ልጁ አንገቱን አስግጎ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው መስዬ ዝም አልኩ። ይህን የሚያህል ሌላ ችሎታ የለኝም።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! ከካፌ የሚወጣው ቆመ፣ ወደ ካፌ የሚሄደው ቆመ። ሰልፉ አዳራሹን ዞረና በላይብረሪው ጥግ አድርጎ እስከ መታጠቢያው ደረሰ። ወሬው ደግሞ በራሱ እግር ሄደ። መሃል ላይ «በሬ ታርዷል፤ የተረፈ ሥጋ እየሰጡ ነው» ይባላል። ጫፍ ላይ ብርድ ልብስ ሆኗል። እነዚያ ካርታ ተጫዋቾች ሳይቀሩ መጥተው ቆሙ። አንደኛው ፌስታል ይዟል። እኔና ሙህዲን አንዲት ቃል አልዋሸንም፤ መዋሸት ሳያስፈልገን ነው የቀረው።

ዶክተር ጉልላት ከምሳ ሲመለሱ ሰልፉን አይተው እዚያው ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው የሕዝብ ግንኙነቱን ካሜራማን ጠሩት። ካሜራው ሲደርስ ኮታቸውን ቆለፉና ወደ አንድ ቀጭን ልጅ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ በዚህ ፀሐይ እንዲህ በጽናት እንድትቆም ያደረገህ ምንድን ነው?»

«ረሃብ ነው ዶክተር» አለ ልጁ።

«ሰማችሁ!» አሉ ዶክተሩ ወደ ካሜራው ዞረው። «የዴሞክራሲ ረሃብ! ይህ ትውልድ ተርቧል!»

ልጁ ራሱን በኃይል ነቀነቀ።

በሩ ተከፈተ። እኔ ገብቼ እኔን መረጥኩና ወጣሁ። ከኋላዬ እየገቡ ሳጥኑን ያዩ ልጆች መጀመሪያ ክው ይላሉ፣ ዙሪያውን ይቃኛሉ፣ ከዚያ «ይህን ያህል ቆሜ ባዶ እጄን አልወጣም» ብለው ይመርጣሉ። ሲወጡ ጣታቸው ቀለም ነው። ውጭ ያሉት «ምንድን ነው የሚሰጡት?» ሲሏቸው ግን አንድም እውነቱን የሚናገር አልተገኘም። «ግባና ታየዋለህ» ብለው ጣታቸውን ኪሳቸው ከትተው ሹልክ ነው። የተሞኘ ሰው ብቻውን መሞኘት አይወድማ!

ችግሩ ሳጥኑ አንድ ነው፣ በሩ አንድ ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ ይጠብሳል። ሰው መገፋፋት ጀመረ። ይሄኔ ነው እኔ የመሪነት ሰዓቴ ደረሰ ብዬ ድንጋይ ላይ የወጣሁት። በዕለቱ ምረጡኝ ማለት ክልክል ስለሆነ፣ ስለ ተሳትፎ ብቻ ነው የተናገርኩት። «ወገኖቼ፣ ሰልፍ ማለት ራሱ ተሳትፎ ነው!» አልኩ። አንዲት ልጅ ጥላዋን በእኔ በኩል አዘነበለችው፤ ለፀሐዩ ይሁን ለንግግሬ አላወቅሁም። እኔ ድንጋዩ ላይ ሆኜ ሁለተኛውን ነጥብ ስጀምር፣ ሐመልማል ከሰልፉ ወጥታ ጋሽ ደባልቄን ስታናግር አየሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሰው በፀሐይ ለምን ይቆማል? የኋላው በር ቁልፍ አለዎት?» አለች። ቁልፉ አላቸው። ሌላ ጠረጴዛ ራሷ ጎትታ አስገባች፣ ቦርዱን ሁለተኛ ሳጥን አስወጣች፣ ሰልፉ ለሁለት ተከፈለና ይነጉድ ጀመር። እኔ አምስት ነጥብ ነበረኝ፤ ሦስተኛው ላይ የሚሰማኝ ሰው አለቀ።

ሁሉም ነገር ያምር ነበር፣ ያ ባለ ፌስታሉ ካርታ ተጫዋች ከዶክተር ጉልላት ፊት እስኪደርስ ድረስ። ፌስታሉን አፉን ከፈት አድርጎ፣

«ዶክተር፣ ከነአጥንቱ ነው የሚሰጡት?» አላቸው።

«ምኑን ነው?»

«ሥጋውን ነዋ።»

ዶክተሩ ፌስታሉን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ሰልፉን አዩ። ቀስ በቀስ ገባቸው። «አቁሙ!» ብለው ሲጮሁ ጋሽ ደባልቄ ከወንበራቸው ዘለሉ። «ድምፅ መስጠቱ ይቁም! ማነው ይህን ሰልፍ የጀመረው?»

እዚህ ጋ ጀግንነቴን ልናገር። ጣቴ ወደ ሙህዲን ተቀሰረ። እኔ አላዘዝኩትም፤ ራሱ ነው የሄደው። ያውም ቀለም የተቀባው ጣቴ። «ሐሳቡ የእሱ ነው ዶክተር!» አልኩ። አያችሁ፣ መሪ ማለት እንዲህ ነው!

ሙህዲን ቅር እንኳ አላለውም። ቀስ ብሎ መጥቶ ከዶክተሩ ፊት ቆመ። ሰልፉ በሙሉ ጆሮ ሆነ።  ምርጫው እዚያው ሊሞት ነው፤ የእኔ ፕሬዚዳንትነትም፣ የእሑዱ ላይብረሪም አብሮ።

«ይህ ምርጫ ውድቅ ነው» አሉ ዶክተር ጉልላት እየተንተከተኩ። «መራጭ ማለት የመጣበትን አውቆ የመጣ ነው! ጥንት በግሪክ... ተወው ግሪክን! ለአንድ ነገር ተሰልፎ ሌላ የተሰጠው ሰው መራጭ አይባልም። ድምፁ ሁሉ ይሰረዛል!»

«ልክ ነዎት ዶክተር» አለ ሙህዲን፣ በዚያ በእንቅልፋም ድምፁ። «ግን ከሰረዙ አይቀር ከላይ ይጀምሩልን። እኔ ሕክምና ብዬ ሞልቼ ደን ሳይንስ ነው የተመደብኩት። ይሄ ይበልጣል ሕግ ብሎ ሞልቶ እርስዎ እጅ ወደቀ። ባለ ፌስታሉ ልጅ ኮምፒውተር ብሎ መጥቶ ታሪክ ነው የሚማረው። ለአንድ ነገር ተሰልፎ ሌላ የተሰጠው ሁሉ ይሰረዝ ካሉማ፣ ነገ ጠዋት እዚህ ግቢ የሚቀሩት ጋሽ ደባልቄ ብቻ ናቸው።»



«ኧረ እኔም አልቀርም» አሉ ጋሽ ደባልቄ ከበሩ ላይ። «ሹፌርነት ነበር ያመለከትኩት።»

በሳቅ ግቢው ተናጋ። ያ ቀጭኑ ልጅ ረሃቡን ረስቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ካሜራማኑ እየሳቀ ካሜራው ሰማይ ሰማዩን ቀረጸ። ዶክተር ጉልላት ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት፣ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ይጠርጉ ጀመር። እሳቸው በወጣትነታቸው ምን ሞልተው ምን እንደደረሳቸው አልነገሩንም። ግን መነጽሩን በጣም ብዙ ጠረጉት።

«ይቀጥል» አሉ በመጨረሻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «የምን እንደሆነ ግን ንገሯቸው።»

ለሰልፉ ተነገረ። ይሄዳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያጉረመረመው አጉረመረመ፣ ግን ቦታውን የለቀቀ ብዙ አልነበረም። የያዘውን ተራ የሚለቅ የግቢ ልጅ ገና አልተወለደም። ሲመሽ ተቆጠረ። ከግማሽ በላይ! የዚያ ዓመት ኅብረት የቢሮ ሳይሆን የተማሪ ሆነ። ሙህዲንን አቀፍኩት፣ ጋሽ ደባልቄን አቀፍኩ፣ ዶክተሩንም ላቅፍ ስል እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ከዚያ ውጤቱ ተነበበ። አንደኛ ሐመልማል፤ ያውም በሰፊው። ሁለተኛ፣ የሁለታችንንም ስም ትቶ ወረቀቱ ላይ «ሥጋው የታለ?» ብሎ የጻፈው ሕዝብ። ሦስተኛ እኔ። በሁለት ሰው ውድድር ሦስተኛ የወጣ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ እነሆ አለሁላችሁ።

ያንኑ የተዋስኩትን ኮት እንደለበስኩ ወደ ዶርም ተመለስን። ኮቱ ሰፍቶኝ ሳይሆን እኔ ውስጡ ቀንሼ ነበር። ደረጃው ጋ ስንደርስ ክንዱን ይዤ አቆምኩት።

«ሙህዲን፣ እውነቱን ንገረኝ። አንተ ማንን መረጥክ?»

«ሐመልማልን» አለ፣ ሰዓት የተጠየቀ ይመስል።

«ወይኔ ይበልጣል! ዶርሜ እንኳ? ያንን ሁሉ ሰው ያሰለፍነው አብረን አይደለም? ሐሳቡስ የአንተ አይደለም እንዴ?»

«የእኔ ነው። ለዚህ እኮ ነው እኔ ምረጡኝ ያላልኩት።» ቆም ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አትቀየመኝ ይበልጤ። አንተ ሰው በፀሐይ ገትረህ ንግግር አደረግክ፤ እሷ በር አስከፈተች። ሰልፍ የሚፈጥርማ ግቢው ሞልቶናል፤ እኛን የቸገረን የሚያሳጥረው ነው።»